ሁለቱንም አስተኛኋቸው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ምን አስወጣህ ብትሉኝ፣ አምስት ሳንቲም አላስወጣኝም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

አዳማ ውስጥ መጋዘን አለኝ፤ የሰው እህል በኪራይ አስቀምጣለሁ። በቆሎ ከውስጥ ሲሞቅና ሲረጥብ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ አንዲት መሐንዲስ በጆንያው ድርድር መሀል ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ ገመድ አልባ ሴንሰሮች ቀበረችልኝ። ባትሪያቸውን ለመቀየር ድርድሩ በሙሉ መውረድ አለበት። እሷም ባትሪው እንዲቆይ ጥንድ ጥንድ አድርጋ ተራ አስገባቻቸው፤ አንዱ ሲተኛ ጎረቤቱ ይጠብቃል። ተራውን ከስልኬ ላይ መቀየር እችላለሁ።

"ጋሼ፣ አደራ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያስተኟቸው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ማን ሊመክረኝ!

ክረምት ሲገባ የኋለኛው ጥግ ሁለት ሴንሰሮች ስልኬ ላይ ይጮሁ ጀመር። እርጥበት፣ ሙቀት፣ እንደገና እርጥበት። በጮኹ ቁጥር ባትሪያቸው ይወርዳል። ጆንያውን አስወርጄ ማየት ነበረብኝ። እኔ ምን አደረግሁ? "እነዚህ ለፍላፊዎች ባትሪ ሊጨርሱብኝ ነው" ብዬ ሁለቱንም አስተኛኋቸው። እኔ፣ በገዛ ጣቴ። ዝም ሲሉ ደስ አለኝ። ቁጠባ አልኩት። ስንፍና ነበር።

እዚያ ጥግ ያለው የእትዬ ዘይነባ በቆሎ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአርሲ ገበሬ እየሰበሰቡ ለወፍጮ ቤት የሚያስረክቡ፣ በቃላቸው ብቻ የሚታመኑ ሴት ናቸው። ለወፍጮ ቤት ሊያስረክቡ መጥተው ድርድሩ ሲወርድ ጣሪያው አፍስሶበት በቆሎው ሻግቶ ተገኘ።

ያኔስ እውነቱን መናገር አቃተኝ? ምን ያቅተኛል፣ አፌ ደህና ነበር! ሊረከቡ የመጡት ደላላና የወፍጮ ቤቱ ሰው ቆመው እየሰሙ፣ "እትዬ፣ እርጥብ ነው ያስገቡት፤ ማሽኔ ይመሰክራል" አልኩ። የማሽኑን አፍ የዘጋሁት እኔው ነኝ።

"አንተ፣ ስትቀበለኝ ፍሬውን በጥርስህ ሰብረህ አይተህ አይደል እንዴ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፍሬውን ነክሼዋለሁ፤ ቀጭ ብሎ ነው የተሰበረው፣ ድርቅ ያለ።

"ያን ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር" አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ነኝ ያሳቅሁት። ስማቸው የጠፋው በዚያ ሳቅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የእሳቸውን ጆንያ ሳይዘረግፍ የሚረከብ ወፍጮ ቤት አልተገኘም።

ለእናንተ የምነግራችሁ ለእሳቸው መንገር ስላልደፈርኩ ነው። ይቅር በሉኝ አልልም፤ የሻገተው የእናንተ በቆሎ አይደለም።

እትዬ ዘይነባ ንግዱን ትተዋል። የእኔ መጋዘን ሙሉ ነው።