ያልተዘጋው የፊቷ መስመር

መቱ ውስጥ ታፔላ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ስጽፍ አልኩ እንጂ ማንበቡ ላይ ደካማ ነኝ፤ ፊደል ለእኔ ሥዕል ነው። በወረቀት ጽፈው ይሰጡኛል፣ አየሁና ቆርቆሮው ላይ እገለብጠዋለሁ። መንግሥት ተለውጦ ታፔላው ሁሉ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ይጻፍ ሲባል ሌሎቹ ተጨነቁ። እኔ ምን ቸገረኝ? ያኛውንም እምብዛም አላነበው፣ ይኼኛውንም አላነበው። ቡሬ ድረስ፣ ያዮ ድረስ እየተጠራሁ ሠርቻለሁ።

አንድ ልማድ ነበረኝ። የእኛ አገር ዝናብ የዘይት ቀለም አያስደርቅም። የፊደሉን ጠርዝ በብሩሽ ዞሬ ወደተነሳሁበት ስደርስ፣ እርጥቡ ከእርጥቡ ከተገናኘ ያብጥና ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የጥፍር ጫፍ ያህል ሳልገጥም እተወዋለሁ። በማግስቱ ሲደርቅ መጥቼ እዘጋዋለሁ። ያስተማረኝ ሰውዬም እንደዚሁ ነበር የሚሠራው። ዕድሜዬን ሙሉ አንድም ታፔላ አልፈሰሰብኝም።

ልጄ አስተማሪ ነበረች። ለተማሪዎቿ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል ትሠራላቸዋለች፤ ጥንቸሉ ይዘላል፣ ወንዙ ይፈሳል። ኋላ ኩላሊቷን ታመመች። እጇ አብጦ የኮምፒውተሩን ማውስ መያዝ አቃታት። አዲስ አበባ ሄዳ እንድትታከም ቀን ሲቆረጥላት «ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልጨርስ» አለች።

ለአራት ዓመቷ ልጇ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ራሷ ተቀምጣ የልጅቷን ፀጉር ትሠራለች፤ ከዚያ ቀና ብላ «መጣሁ እኮ» ትላለች። ድምፁን አስቀድማ ቀድታዋለች።

«ብዘገይ እንዳትረሳኝ ነው» አለችኝ።

ብዘገይ አለች እንጂ ሌላውንም አስባዋለች። እኔም ገብቶኛል። ሁለታችንም አላነሳነውም።

«እኔ እጅሽ እሆናለሁ» አልኳት። እሷ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ፣ እኔ ኮምፒውተሩን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጀመርን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሥላለሁ። መሣልስ አላቃተኝም። መጀመሪያ የቀሚሷን ዙሪያ ሠራሁና ኮምፒውተሩ ላይ ቀለም የምታፈሰውን ትንሽ የባልዲ ምልክት ተጫንኩ። ምንም የለም።

«አልፈሰሰም» አልኳት።

«መስመሩ ክፍት ነው አባዬ። ዙሪያው ካልተዘጋ ቀለሙ አይሞላም።»

«ነገ ሲደርቅ እዘጋዋለሁ።»

ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም። «ምኑ ነው የሚደርቀው? መቱ ይዘንባል እንጂ እዚህ ውስጥ አይዘንብም እኮ!»

ቀሚሱን ዘጋሁት፣ ሞላ። ቀጥሎ እጅጌው አስቸገረ። እጇ ሲንቀሳቀስ የእጅጌው መሐል ብል እንደበላው ይቀደዳል። «መስመሩ ራሱን አቋርጦ ነው» አለች። «እዚያች ነጥብ ላይ ያዝና ወደ ውጭ ጎትታት።» ጎተትኳት፤ ቀዳዳው ጠፋ። እንዲህ እንዲህ እያልን አራት ቀን ሠራን። እሁድ ከሰዓት የቀረው ፊቷ ብቻ ነበር። አውቶቡሱ ሰኞ ጠዋት ነው።

ፊቷ ግን እምቢ አለ። ባልዲዋን ብጫን፣ ብጫን ነጭ ነው።

«የሆነ ቦታ ክፍት አለ» አለች።

«ዘግቻለሁ።»

«ትንሽ ክፍተት እየዘለልክ ሙላ የሚለውን አብራው እስቲ።» የት እንዳለ አሳየችኝ፣ አበራሁት። አሁንም ነጭ። «እንግዲያው ክፍተቱ ከዚያ በለጥ ያለ ነው። አቅርበህ እየው፣ ሥዕሉን አተልቀው።»

«ዓይኔ ደህና ነው! ታፔላ የሚታየው ከመንገድ ማዶ ነው። መሣሪያሽ ነው የተበላሸው።»

«አባዬ፣ ወደ እኔ አምጣው፣ ልየው።»

«ዘግቻለሁ አልኩሽ!» ጮህኩባት። በበሽተኛ ላይ ጮህኩ። ኮምፒውተሩንም አልሰጠኋትም። እልኸኛ ነኝ፣ ሰውም ይለኛል፤ ያን ቀን ግን ከእልህም አለፈ። ከእንግዲህ ማንም ስለ መስመር አያስተምረኝም ብዬ ነው።

ስትደክም በኦሮምኛ ነው የምታወራኝ። «አባ ኮ፣ ዲሲ» አለችኝ። አባቴ፣ ተወው ማለቷ ነው። ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ተውኩት።

ሰኞ ባሏ ይዟት ሄደ። ልጅቷ እኔ ዘንድ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል።

«ፊቴ እንዴት ሆነ?»

«ነጭ ነው።»

«ግድ የለም፣ ስመጣ አብረን እናየዋለን። ብቻህን እንዳትነካካው፣ ታበላሸዋለህ» ብላ ቀለደችብኝ።

መጣች። በሬሳ ሣጥን መጣች።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። እንዳለችኝ አደረግኩ፤ ሥዕሉን አተለቅኩት፣ አሁንም አተለቅኩት። ከጆሮዋ ሥር፣ የሻሿ ጠርዝ የሚያልፍበት ጋ፣ መስመሩ አልገጠመም። የኔው ሥራ ነው። አስቤ አልነበረም የተውኩት፣ እጄ ነው የተወው። አንዱን ጫፍ ጎትቼ ከሌላው አገጣጠምኩ። የመረጠችው ጠይም ቀለም ከጎን ተቀምጦ ነበር። ባልዲዋን ተጫንኩ።

ሞላ። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀም። እኔ የለመድኩት ቀለም በብሩሽ ቀስ እያለ ሲመጣ ነው፤ ያንን የመሰለ ፍጥነት አላሰብኩትም ነበር። ልጄ የለመነችኝ ይህቺን ታህል ነበር።

ልጅቷን ጠርቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። እናቷ ፀጉር ሠራች፣ ቀና አለች፣ «መጣሁ እኮ» አለች። ልጅቷ ዘወር ብላ በሩን አየች። ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ እማዬ ይሄን አይታዋለች?»

ጎረቤቶቹ ብዙ ነገር እያሉ ያባብሏታል። እኔ አልችልበትም።

«አላየችውም» አልኳት።

«ለምን?»

«መስመሩ ክፍት ነው ስትለኝ አልሰማኋት።»

አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ከዚያ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት።