ሥሩን ለመሬቱ

የእሸት ባቄላ ሽታ እጄ ላይ ሲቀር አባቴ ይመጣብኛል። ትናንትም ስፈለፍል ያ አረንጓዴ ሽታ ጥፍሬ ሥር ገባ፤ ሳሙና አላስለቀቀውም።

ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበርን። የገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲያከፋፍል ለአባቴ የደረሰው የዛለ ቀይ መሬት ነው፤ ስንዴ ቢዘሩበት አረም የሚያበቅል። ሁለት ክረምት ባቄላ ብቻ ዘራበት። ሰው ሁሉ ባቄላውን ከነሥሩ ይነቅላል፤ እሱ ግን በማጭድ አጭዶ ሥሩን እዚያው ይተዋል። ጎረቤቶቹ ሲያልፉ፣ «ሥሩን ለአይጥ እያወረስክ ነው?» ይሉታል። ይስቅላቸዋል። በሦስተኛው ዓመት ስንዴ ዘርቶ ከባቄላ ቂጣ ሊገላግለን ነበር ሐሳቡ።

ሁለተኛው ባቄላ ባበበበት መስከረም የማኅበሩ ሊቀመንበር በማሳችን አለፈ። ንቡ ይጮሃል። አፈሩን በጫማው ጫር ጫር አድርጎ፣ «ይሄ ያ የሞተው መሬት ነው?» አለኝ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ማወቄን ማሳየት እወዳለሁ። አንዱን ተክል ነቅዬ ሥሩ ላይ የተቋጠሩትን እንክብሎች አሳየሁት። አንዷን በጥፍሬ ስሰነጥቃት ውስጧ እንደ ድድ ቀላ። መሬቱን የሚያጠግበው ይህ ነው፣ ለከርሞ ስንዴ ይሸከማል ብሏል አባዬ አልኩት። ራሴን ዳበሰኝ።

«ጎበዝ ልጅ» ብሎ ሄደ።

ጥር ላይ ስብሰባ ተጠራ፤ መሬቱ እንደገና ይደለደላል ተባለ። ማሳችን ለሊቀመንበሩ አማች ደረሰ። ለእኛ ገደል አፋፍ ላይ ያለው ጭንጫ።

አባቴ ተነሣ። «መሬቱ የሕዝብ ነው፣ እሺ። ሁለት ዓመት ያፈሰስኩበትስ?»

«ይዘኸው ሂዳ» አለው ሊቀመንበሩ።

ስብሰባው ሳቀ። በአይጥ ያሾፉበት ሁሉ ሳቁ። ዛሬ ቀበሌ ገብቼ ስለ ፍርድ ስጮህ ልጆቼ ያፍሩብኛል፤ ይፈሩ። ያን ሳቅ እነሱ አልሰሙትም።

በማግስቱ ማሳው ገብቼ የቀረውን ሥር እየነቀልኩ ከመርኩ፣ መዳፌ እስኪደማ። አባቴ መጣ። የሚያግዘኝ መስሎኝ ነበር።

«መልሺው።»

«ለእነሱ?»

«መሬቱ ምን አጠፋ?»

ተንበርክኬ አንድ በአንድ ስቀብረው ቆሞ አየኝ። እጄን አላየልኝም።

ሰኔ ሲገባ ጭንጫው ላይ እንደገና ባቄላ ዘራ። ዘሩን ተሸክሜ ስከተለው፣ ሳይዞር፣ «ሰው ሲጠይቅሽ አላውቅም በይ» አለኝ። መናገሬን እንደሚያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ በፊትም በኋላም አላነሣብኝም፤ ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

የአማቹ ስንዴ ደረት ድረስ አደገ። ሲደርስ አጨዳው በደቦ ነው ተባለና እኛም ተጠራን። ሊቀመንበሩ ከአጫጆቹ ኋላ እየዞረ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«አንቺ ጎበዝ፣ አባትሽ እዚያ ድንጋይ ላይ ምን እያደረገ ነው?»

«አላውቅም» አልኩት።

አባቴ ከፊቴ ነበር። ማጭዱ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቀና ሳይል የሰውን ስንዴ ማጨድ ቀጠለ።