«ተደመሰሱ» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ባሌ ታደሰም ሳያውቀው ሞተ። ለማላውቃችሁ አንባቢዎች ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ የደፈርኩት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

እኔ የሬዲዮ ዜና አርታኢ ነበርኩ፤ ታደሰ የዚያው ጣቢያ ዘጋቢ። ከሱዳን ጋር ያለው የድንበር ውዝግብ ሲጋጋል እሱ ወደዚያው ሄደ። አንድ ጠዋት ደውሎ ዜናውን አስጻፈኝ፦ ሰሊጥ ሲያጭዱ የነበሩ ገበሬዎች ከሁለቱም ወገን ተገደሉ። «የወዲያኞቹንም አስከሬን በዓይኔ አይቻለሁ። ሴቶች አሉበት። እንዳትቆርጪብኝ፣ እሺ?» አለኝ። እሺ አልኩት።

ቆረጥኩት። የእኛዎቹን «ንጹሃን ገበሬዎች ተገደሉ» ብዬ ተውኩ። የወዲያኞቹን «ታጣቂዎች ተደመሰሱ» አልኩ። ማን አዘዘኝ? ማንም። ተናድጄ ነበር? አዎ። ግን እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ እንጂ ንዴቴ አልነበረም። ዜናው «ታደሰ እንደዘገበው» ተብሎ ቀኑን ሙሉ ተነበበ።

በማግስቱ ሸጎሌ፣ ከብት ተራው አጠገብ፣ ጎረምሶች እድሪስን ያዙት። እድሪስ ሱዳናዊ በግ ነጋዴ ነው፤ ቁስቋም እኛ ግቢ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ታክሲ እየጠበቅኩ አየሁ። «ና እስቲ፣ መሬታችንን ኪስህ ከተህ እንደሆነ እንፈትሽህ!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ በዱላ ወረዱበት። «ደምስሰው!» ይላሉ፣ ይመታሉ። ቃሌን ከአፋቸው ሰማሁ። ጥርሱ ሲረግፍ፣ ግራ ዓይኑ ሲፈስ አየሁ። ጮህኩ? አልጮህኩም። ታክሲው መጣ፤ ገባሁ።

ታደሰ ሲመለስ «ማነው የለወጠው?» አለኝ። «አለቃው» አልኩት። ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ። እድሪስ ግን በሬዲዮ የሰማው የታደሰን ስም ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ቤታችንን ለቆ ሸጎሌ ገባ። ታደሰ ሊያስረዳው እየሄደ ደጁን ቢያንኳኳም አልከፈተለትም።

ታደሰ ዘንድሮ በልብ ሕመም ሲያርፍ እድሪስ ለቅሶ መጣ። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በቀረችው ዓይኑ እያለቀሰ፣ «እትዬ አበበች፣ ጋሽ ታደሰን ይቅር ብዬዋለሁ። በሬዲዮ ስለተናገረውም አላህ ይማረው» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ባሌን አፈር ባለበስኩ ማግስት ጥፋቴንም አለበስኩት።

እድሪስ፣ ይህን የሚያነብልህ ሰው ካለ ስማ። ይቅር ያልከው ምንም ያላጠፋብህን ሰው ነው። ስሙን መልስለት። ለራሴ ይቅርታ አልለምንህም። እሁድ ቤትህ መጥቼ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ። በርህን ብትዘጋብኝም ደጅህ ቆሜ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ፤ ጎረቤቶችህም ይስሙ።