ሃያ ሦስት ሰው ያወቀው መርዶ

እናቴ መሞቷን ከእኔ በፊት ሃያ ሦስት ሰው ያውቅ ነበር። ቆጥሬያቸዋለሁ። ሁሉም እዚሁ ለንደን ያሉ የእኛው ሰዎች ናቸው። እኔ የሰማሁት በሰባ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ያውም ሽሮ ልገዛ ሱቅ ገብቼ። አርባዋ እንኳ አልፎ ነበር።

ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፣ ስለዚህ የተሳሳተ ነገር ካለ ይቅርታ። ግን ሆዴ ውስጥ ይዤው መኖር አልቻልኩም።

ስሜ የሻረግ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጥቼ በሱዳን በኩል ለንደን የገባሁት በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ስቶክዌል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ካውንስል የሚባለው የሰፈሩ መስተዳድር የሰጠኝ አንድ ክፍል ቤት አለችኝ። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ ካምደን አንድ ቢሮ አጸዳለሁ። ሠራተኞቹ ሲገቡ እኔ እወጣለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ማኅበር ላይም የምቀመጠው በሩ አጠገብ ነው።

የምናገርላት ሰው እሌኒ ነበረች። ካርቱም ውስጥ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተናል። እዚህም ከመጣን ፎርም የምትሞላልኝ፣ የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ የምታነብልኝ እሷ ናት። ካውንስል ስንሄድ ገና ሳልጠየቅ የምትመልስልኝ እሷ። እኔ ዝም፣ እሷ አፍ። እንዲህ ነበርን።

ለእናቴ በወር አንዴ እደውላለሁ። ሰፈራችን ያለው ሱቅ ስልክ ስላለው እህቴ መሠረት ትጠራልኛለች። ኅዳር ላይ ስደውል መሠረት ብቻዋን መጣች።

"እማዬስ?"

"ጠበል ገብታለች።"

በሚቀጥለውም ጊዜ "ገና አልወጣችም" አለችኝ።

"እንዴ፣ ምን ዓይነት ጠበል ነው? ልትመነኩስ ነው እንዴ?" ብዬ ሳቅኩ። መሠረት አልሳቀችም። የስልክ ካርዱ እያለቀ ስለነበር አላስተዋልኩም። አሁን ሳስበው፣ እዚህ ያሉት እስኪነግሩኝ እየጠበቀች ይሁን፣ በስልክ አይነገርም ብላ ይሁን፣ እንጃ።

ገና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እሌኒ ለበዓል አዲስ አበባ ልትሄድ ሆነ። እኔ ብሪክስተን ገበያ ግራጫ የሱፍ ሹራብ ገዛሁ። ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚዘጋውን መረጥኩ፤ እናቴ ትከሻዋን ስለሚያማት በራሷ በኩል ማጥለቅ አትችልም። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሌኒ ቤቴ መጣች፤ ወጥ ቤት ቆመን ሰጠኋት።

"ሻንጣዬ እኮ ሞልቷል" አለች። "ሌላ ጊዜ ብትልኪላትስ?"

"አንድ ሹራብ? ካልሆነ ለብሰሽው ሂጂ!"

"አንቺ ደግሞ! የባልቴት ሹራብ አልብሰሽ አውሮፕላን ውስጥ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?"

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ ሳቋን ቀድማ አቋረጠች። መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች፣ አሁንም ጠረገች፣ ከዚያ ተቀበለችኝ።

"ስታለብሺያት ቁልፉን አንቺው ቆልፊላት፣ ጣቷ አይታዘዝላትም" አልኳት።

"እሺ" አለች።

እሺ አለችኝ።

ገና አለፈ። ጥር ገባ ስል አንድ ቅዳሜ ቶተንሃም ወደ አበባ ሱቅ ሄድኩ። አበባ በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት የምታስመጣ ሴት ናት፤ ብዙም አንቀራረብም። ገና ስታየኝ ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈችኝ።

"የሻረግዬ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ሳልደርስሽ ቀረሁ እኮ፣ ሱቁን የሚይዝልኝ አጥቼ።"

"በምኑ?"

"በእናትሽ ነዋ።"

ፊቴን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይኔ ጉዴ! አልነገሩሽም እንዴ?"

አላለቀስኩም። የያዝኩትን ሽሮ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ጽሑፉን ወደ ውጭ አዙሬ፣ ልክ እንደነበረ። ከዚያ በኋላ ባቡሩን እንዴት እንደተሳፈርኩ አላስታውስም።

አበባ ለማኅበሩ ሰዎች ደውላ ኖሮ፣ ሳይመሽ ቤቴ ሞላ። ደረጃው ላይ ሁሉ ሰው ነበር። የማኅበራችን ታላቅ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። የመሠረት ደብዳቤ የደረሰው ለእሳቸው ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን እያለችም አይነገርም፤ ስለዚህ ሰዎች ሰብስበው እንዲነግሩኝ ነበር የጻፈችላቸው። እሳቸውም በሥራ ቀን በዋለ በዓል፣ ቅዳሴ ሲያልቅ አዳራሽ ውስጥ ሰውን ሰብስበው ነግረዋል። እኔ ያን ቀን ሥራ ነበርኩ።

"ልጄ" አሉ፣ "መርዶ በማለዳ ነው የሚረዳው። አንቺ ደግሞ በማለዳ ቤት የለሽም።"

"ቅዳሜና እሑድስ?"

"በሰንበት እንዴት ብለን? ከዚያ ጾሙ ገባ፣ ሰዉም ፈረቃው አልገጥም አለ። በኋላ ደግሞ እሌኒ ጓደኛዋ ናት፣ ትነግራታለች ብዬ..."

"እኔ ደግሞ እርስዎ የነገሯት መስሎኝ" አለ አንዱ።

"እኔም የሰማች መስሎኝ። ሳያት ጠንክራ ነበርና ጎበዝ ናት አልኩ" አለች ሌላዋ።

መስሎኝ፣ መስሎኝ፣ መስሎኝ። ቤቱን ዞሬ አየሁ። ያን ጊዜ ነው የቆጠርኳቸው። ያልመጡትን ጨምሬ ሃያ ሦስት። ከእነዚህ ውስጥ ኅዳር ላይ ከእኔ ጋር አንድ ድግስ ላይ የበላ አለ። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ "እናትሽ ደህና ናቸው?" ብሎ የጠየቀኝም አለ! ምን ልትል ነው ብሎ ይሆን? "ደህና ናት" ብዬዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሶልያና ሻይ በፔርሙስ ይዛ መጣች። ከታች ፎቅ ያሉት የጎረቤቶቼ ልጅ ናት፣ ኮሌጅ ሳይኮሎጂ ትማራለች። አማርኛዋ ይሰናከላል እንጂ ልቧ ደግ ነው።

"እትዬ የሻረግ፣ ይሄ ነገር ስም አለው" አለችኝ። "ክላስ ላይ ተምረነዋል።"

"ክፋት ነው ስሙ።"

"ኖ፣ አይደለም። ስሚኝ። ለጥናት ብለው ሰዎችን ለየብቻ ክፍል ውስጥ አስቀመጡ። ከሌላ ክፍል በድምጽ ማጉያ አንድ ሰው በድንገት ሲታመም፣ እርዱኝ ሲል ይሰማል። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት ብሎ ያሰበ፣ አብዛኛው ተነስቶ ሄደ። ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል የተባለ ግን፣ አብዛኛው ቁጭ አለ።"

"ሰው እየታመመ?"

"እየታመመ። ብዙ ሰው ባወቀ ቁጥር እያንዳንዱ ሌላው ያደርገዋል ይላል። ሸክሙ ይከፋፈልና ለማንም አይደርሰውም። ደግሞ ያልተነሱት ግድ የሌላቸው አልነበሩም። በኋላ ሲያዩዋቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መዳፋቸው በላብ ርሶ።"

መዳፋቸው ስትል የእሌኒ ቀሚስ ታየኝ።

እውነቱን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ደምመላሽ የሚባል የማኅበራችን ልጅ ወንድሙ ሲሞት እኔም ከእሱ በፊት አውቅ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳልነግረው ቆየሁ፤ በሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ታላላቆቹ አሉ ብዬ። ስለዚህ የልጅቱ ትምህርት ገባኝ። ሃያ ሁለቱን በዚያ ማርኩ፣ ወይም የማርኩ መሰለኝ። አንዷ ላይ ስደርስ አልሄድ አለኝ።

"ሶልያና" አልኳት፣ "ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ሲሆንስ? የሚያውቀውና የማያውቀው ብቻ?"

አሰበች። ፔርሙሱን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

"ያኔ ዲፈረንት ነው፣ እትዬ" አለችኝ።

እሌኒ ጥምቀትን ውላ ተመለሰች። በማግስቱ በሬን አንኳኳች። ጥቁር ለብሳ፣ በእጇ ፌስታል ይዛ። ገና በሩን ስከፍት "እህቴን!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ትከሻዬ በእንባዋ ራሰ። እኔ ግን እጄን አላነሳሁም።

"ሁሉም ዝም ሲል እኔ ብቻ ምን ልበል? ጋሼ ይነግሯታል ብዬ እኮ ነው።"

"እዚህ ነይ" አልኳትና ወጥ ቤት ወሰድኳት። "ሹራቡን ስሰጥሽ እዚህ ማን ነበር?"

ፌስታሉን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ማን ነበር፣ እሌኒ?"

"አንቺ።"

"ሌላስ?"

"እኔ።"

"ጋሼ ሰይፈሥላሴ ነበሩ?"

"አልነበሩም።"

"ቁልፉን ቆልፊላት ስልሽ ምን አልሽኝ?"

መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች። "ስትስቂ አየሁሽ" አለች። "እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። እንዴት ብዬ..."

በሕይወቴ ሙሉ ሰውን እንዲህ አፋጥጬ አላውቅም።

"ሹራቡስ?"

ፌስታሉን ዘረጋችልኝ። ይዛው ሄዳ ይዛው ተመልሳለች። ደብረ ብርሃን ለቅሶ ደርሳ፣ ከመሠረት ጋር ተቀምጣ አልቅሳ፣ ሹራቡን ግን ከሻንጣዋ አላወጣችም። "ለሞተ ሰው ለምን ላከች ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?" አለች። ለእህቴም "አልነገርናትም" አላለቻትም።

በሩን አልዘጋሁባትም። ተቀመጪም አላልኳትም። ፌስታሉን እጄ ላይ ትታ ሄደች።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንሳሳማለን፣ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ሰው የታረቅን ይመስለዋል። ፎርሜን ራሴ እሞላለሁ፤ ባለፈው አንዱን ተሳስቼ መልሰው ላኩብኝ፣ እንደገና ሞላሁት።

ሹራቡን ጠዋት ጠዋት ሥራ ስሄድ እለብሰዋለሁ። እናቴ ከእኔ ታንሳለች፤ እጅጌው ያጥረኛል። በሩ ጋ ቆሜ ቁልፎቹን ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ እቆልፋቸዋለሁ።