የአሥራ አራት ሌሊት ቀጠሮ

ዳባት ውስጥ ለሽምግልና የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ መድኃኒት ያውቃል፤ «የዛሬ አሥራ አምስት»። ባል ሚስቱን ቢያስከፋ የዛሬ አሥራ አምስት፣ ወንድማማች በድንበር ቢጣላ የዛሬ አሥራ አምስት። ቁጣው ከበረደ በረደ፤ ካልበረደም ሌላ አሥራ አምስት ቀን አለ፣ ቀን እንደሆነ አያልቅም። ቀጠሮ ሰጪዎቹ ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ሰው እርም ብሎ ይተዋቸው ነበር።

ዘቢደር ይህን መድኃኒት አራት ዓመት ሙሉ ስትውጥ ኖራለች።

ዘቢደር የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ባሏ ገዱ ከአስፋልቱ ዳር ወፍጮ ቤት አለው። ገዱ አይጠጣም፣ እጁን አያነሳባትም፣ ቤቱንም አያጎድልም። የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግቢውን በር ይቆልፋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቶ እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይሸኛታል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ ይወስዳታል። ካስገባት በኋላ ከውጭ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ወፍጮው ይመለሳል። ማታም ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም፤ ስልኳንም ከእራት በኋላ ተቀብሎ ማን እንደደወለላት ያያል። ቅዳሴ ሲሄዱ አብሮ፣ ለቅሶ ሲሄዱ አብሮ። ጎረቤት ይህን እያየ «ምን ዓይነት ፍቅር ነው» ይላል። እንዲህ ያለውስ ፍቅር ይቅርብኝ።

እሷ የምትፈልገው ደባርቅ ሄዳ እህቷ አበባ ዘንድ መኖርና እዚያ ማስተማር ነበር። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። ይህንኑ ይዛ ሽማግሌ ፊት ቀረበች። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ የንስሐ አባታቸው መምሬ ኪዳነ ማርያም፣ የገዱ አጎት አቶ ውዱ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ አብዱልቃድር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ተቀመጡ። ገዱ አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ» አለ። «በል አስብላት፤ አንቺም ልጄ ታገሺ፤ የዛሬ አሥራ አምስት እንገናኝ» አሉ መምሬ። ሦስት ቀን በሩ ሳይቆለፍ ዋለ። በአራተኛው ቀን ቁልፉ ቀጭ አለ።

ከዚያ ወዲያማ ምኑ ይነገራል። ዐቢይ ጾም ገባ፣ በጾም ትዳር አይፈርስም ተባለ። ክረምት ሆነ፣ በዝናብ ቤት አይለቀቅም ተባለ። መስቀል ይለፍ ተባለ፣ አለፈ። እንዲህ እየተባለ አራት ዓመት ሄደ፤ ዘቢደርም በየአሥራ አምስት ቀኑ «እሺ አባ» እያለች ትመለሳለች።

ባለፈው ጥቅምት፣ ረቡዕ በዕረፍት ሰዓት አበባ ከደባርቅ ደወለች። ድምፅዋ ተጣድፏል። አንድ የግል ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪው ለቆበታል፤ ባለቤቱም ዘቢደርን ሊቀጥር ተስማምቷል። «ሰኞ ጠዋት ካልገባሽ ግን ሌላ ሰው አለኝ ብሏል። ዘቢዬ፣ ይቺ ካመለጠችሽ ሌላ አታገኚም» አለቻት። ዘቢደር የጥሪውን ምልክት ከስልኳ ላይ አጥፍታ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ መጽሐፉ ላይ የነበረው ቃል «ፎርትናይት» ነው። ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ትርጉሙን ጠየቀች። ከኋላ አንዱ «የጌም ስም ነው ቲቸር» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

«ጌሙን ተወውና፣ የዛሬ አሥራ አምስት ማለት ነው» አለች። ይኼኔ ሁሉም ገባቸው፤ የዳባት ልጅ ይህን አጥቶት አያውቅም።

ሩመይሳ የምትባል፣ ካልገባት የማትለቅ ተማሪ አለች። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መጽሐፉ አሥራ አራት ነው የሚለው። አንዷ ቀን የት ገባች?»

«እኛ ዛሬንም ጨምረን ቀኑን ነው የምንቆጥረው። እንግሊዞቹ ደግሞ ድሮ ሌሊቱን ነበር የሚቆጥሩት። ቃሉ አሥራ አራት ሌሊት ማለት ነው።»

«ቀን እያለ ለምን ሌሊቱን?»

 ዘቢደርም እስከዚያች ሰዓት ቀኑን ብቻ ስትቆጥር ነው የኖረችው። ቀኑስ ደግ ነው፤ ልጆች አሉ፣ ጠመኔ አለ፣ ከመምህራን ጋር ሳቅ አለ። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ሌሊት በአስፋልቱ ላይ ወደ ደባርቅ የሚያልፈውን መኪና እየሰማች፣ ከግቢው መውጫ እንደሌላት እያወቀች ትተኛለች። ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ በልቧ ደመረችው። በዓመት ሃያ ስድስት፣ በአራት ዓመት መቶ አራት ፎርትናይት፤ ሌሊቱ ከአንድ ሺህ አራት መቶ በላይ ሆነባት። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ስታስተምር ተቀምጣ ስለማታውቅ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ዕረፍት እንደተደወለ ማንንም ሳታስፈቅድ ወጥታ ሐጂ አብዱልቃድር ሱቅ ገባች። ሐጂ ጨርቅ እየለኩ ነበር።

«ሐጂ፣ ቀኑን ቆጥራችሁልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ግን ማንም አልቆጠረልኝም» አለችና ቁጥሩንም፣ ሰኞ የሚጠብቃትን የደባርቅ ሥራም ነገረቻቸው።

ሐጂ ሜትሩን አስቀመጡ። «ቆይ ልጄ፤ ቆለፈብኝ የምትይው ከውጭ ነው እንዴ?»

«ቀን ከውጭ ነው። ማታ ከውስጥ ይቆልፍና ቁልፉን ይዞት ይተኛል።»

«እኛ እኮ እንደማንም ሰው ቤቱን የሚዘጋ መስሎን ነው። ያረቢ፤ ብቻሽን ሆነሽ ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«እጮሃለኋ» አለች ዘቢደር።

 ሐጂን አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ይህን አለመጠየቃቸው አሳፈራቸው። «እሑድ የምናገረው እኔ ነኝ። ልብስሽን ሰብስቢ» አሏት።

እሑድ ከወይራዋ ሥር ሐጂ ተናገሩ። ነገሩን አላስጌጡትም፤ በሩን፣ ቁልፉን፣ ስልኩን፣ ሌሊቱን እንዳለ አስቀመጡት። መምሬ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን እያገላበጡ ሰሙና «እኔ እኮ ትዳር ያዳንኩ መስሎኝ ነበር» አሉ። አቶ ውዱም የወንድማቸውን ልጅ ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። ገዱ ፊቱ ጠቆረ። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ድንጋዩ ላይ አኖረው።

«ትሂድ። ቀንም ሌሊትም አልይዛትም» አለ። ተናዶም ይሁን አፍሮ አይታወቅም።

ሰዓቱ ስምንት ነው። የደባርቅ ሚኒባስ በየግማሽ ሰዓቱ ያልፋል፣ መንገዱ ሰዓትም አይፈጅም። አበባ ከጠዋት ጀምራ ደባርቅ መናኸሪያ እየጠበቀቻት ነው።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉ መምሬ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ጥያቄ ሲቀርብላት የመጀመሪያው ነው።

ዘቢደር ፈራች። ስለ መውጣት ስታስብ የምታስበው እስከ በሩ ድረስ ነበር፤ ከበሩ ማዶ ያለውን ሰኞ አንድም ቀን አስባው አታውቅም። በስንት ሰዓት ትወጣለች? ማን ይሸኛታል? ቆይታ ብትገባስ ማን ምን ይላታል? ማንም ምንም እንደማይላት ስታውቅ ጭራሽ ፍርሃቱ ባሰባት። በፍርሃቷ አፈረች፤ እፍረቱም ፍርሃቱን አልቀነሰላትም።

«የልጆቹን ፈተና አላረምኩም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። «መሐል ላይ ጥያቸው ብሄድ ነውር ነው። አባ፣ የዛሬ አሥራ አምስት ይሁንልኝ።»

«ይሁን፣ ይሁን፤ ደግ ብለሻል» አሉ መምሬ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው።

ሐጂ አብዱልቃድር ግን ትኩር ብለው አዩዋት። «ሰኞስ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዘቢደር መሬት መሬቱን አየች፤ እሳቸውም አልደገሙላትም።

ገዱ ቁልፉን አነሳ፣ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። ቤት ሲደርሱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ወፍጮው ሄደ። አበባ ደወለች።

«የት ደረስሽ?»

«የዛሬ አሥራ አምስት እመጣለሁ።»

«ሰውየው እስከ ሰኞ ነው እኮ ያለኝ!»

«አውቃለሁ።»

«ያዙሽ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ከለከሉሽ?»

«ማንም አልከለከለኝም» አለች ዘቢደር። አበባ ማልቀስ ስትጀምር ስልኩን ዘጋችው።

እስኪመሽ ድረስ ግቢው ክፍት ነበር። አንድ ጊዜ እስከ በሩ ሄዳ አስፋልቱን አየች፤ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ጫነና ሄደ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገዱ ዱቄት እንደለበሰ ገባ። በሩን አልነካውም። እግሩን ታጥቦ፣ ቁልፉን ቀና ብሎ ሳያይ ተቀመጠ።

ዘቢደር ቆማ ጠበቀችው። ዓይኗ ከበሩ አልተነሳም፤ ክፍት ሆኖ ስታየው ልቧ ይመታል። «ሊመሽ ነው እኮ» አለችው። ገዱ ዱቄቱን ከእጅጌው አራገፈ።

በመጨረሻ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስታ ወጣች። በሩን ገፍታ ዘጋች፣ ቆለፈችው፣ መቆለፉንም ሳብ አድርጋ አረጋገጠች። ከዚያም ተመልሳ ገባችና ቁልፉን በገዱ እጅ አስያዘችው።