ጀርባውን የሰጠን ሰውዬ

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው በዋለበት ቀን፣ ከድር ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ከድር የሐጂ ኑሩ የልጅ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ የነበረው የፈረንጅ ስዕል ነው፤ አንድ ሰው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ አለት ላይ ቆሞ ጉም የሞላው ሸለቆ ያያል።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ፣» አለኝ፣ «የአያቴ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የሣሉት ከዚህ የተቀዳ ነው ይላሉ ጓደኞቼ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡሬ መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ የሐጂ ሻይ ቤት ይፈርሳል። ከድር አዲስ ሻይ ቤት ሠርቷል፤ የድሮውን ስዕል እዚያ ደግሜ እንድሥልለት ሊጠይቀኝ ነበር ሐሳቡ። ጓደኞቹ ግን የተቀዳ ነገር ከሆነ ምን አደከመህ፣ ከስልክህ አሳትመህ ለጥፈው አሉት። እንዳይቆጡኝ ማለቱ አልጠቀመውም፤ ተቆጣሁ። ጉልበቴ አርጅቷል፤ ቁጣዬ ግን እንዳለ ነው። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረብሁለትና እሱ ሲበላ እኔ ተናገርሁ።

አባቴ መሪጌታ ዓለሙ ቡሬ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። የሚሥሉት ቤታችን ውስጥ፣ በአቡጀዲ ላይ ነው። ሲያልቅ ጨርቁ ተጠቅልሎ ይሄድና ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቀለሙን የምበጠብጠው እኔ ነኝ፤ ወደ ገጠር አጥቢያዎች ሲሄዱም ከኋላ ከኋላቸው ዕቃ ይዤ የምከተለው እኔ። ሕጋቸው አጭርና ጥርት ያለ ነበር። ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ሰው በጎኑ ይሣላል፤ ለእሱ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ሁሉም ነገር በጥቁር መስመር ይከበባል። መሬት የቅዱሳን እግር ማረፊያ ናት፤ ሰማይም ቢጫ ነው። ከቤታችን ውጭ ያን ሁሉ ዝናብና ጉም እያየሁ፣ ይህ ለምን አይሣልም ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የተገነጠለ ትልቅ የስዕል መጽሐፍ እጄ ገባ። ገለጥሁት። ተራራ፣ ማዕበል፣ የፈረሰ ገዳም፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ። ሰማዩ አብዛኛውን ገጽ ይዞታል፤ ደግሞም ቢጫ አይደለም፤ ይጠቁራል፣ ይቀላል፣ ይቆጣል። ሰው ካለም ጥፍር ታክል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ። ለታሪክ መምህራችን ወስጄ አሳየኋቸው።

«እነዚህ የአውሮፓ ሰዓሊዎች ናቸው፣» አሉኝ። «በዘመናቸው አገራቸውን የፋብሪካ ጭስ እየሞላው ነበር። ነገሥታትን መሣል ሰለቻቸውና ተራራና ማዕበል ፊት ሄደው ቆሙ። ሰው በተፈጥሮ ፊት ትንሽ መሆኑን ለማሳየት ነው።»

እኔ አልተዋጠልኝም። ፊቱን ወደ እኔ ያዞረ ሰው እኔን ነው የሚያየኝ፤ ጀርባውን የሰጠኝ ግን ከኋላው ቦታ ትቶልኛል፣ እሱ የሚያየውን አብሬው አያለሁ። ይህ ሰውን ማሳነስ አልመሰለኝም። ዛሬም አይመስለኝም።

ያኔ ሐጂ ኑሩ ሻይ ቤት ከፈቱ። ሐጂ የበርበሬ ነጋዴና የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። አባቴ ከቅዱሳን በቀር አልሥልም ስላሏቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ አንቺ ሣይልኝ። የፈለግሽውን አድርጊ፤ ብቻ ዓይን ያለው ነገር እንዳይኖርበት። ዓይን ያለው ከግድግዳዬ ላይ ሆኖ እንዲያየኝ ሃይማኖቴ አይፈቅድም።»

የምሥለውን አይቼ እንድመለስ በአይሱዙ መኪናቸው ወደ ዓባይ የሚወስደውን መንገድ ላኩኝ። ከበርበሬ ጆንያ አጠገብ ተቀምጬ ሳስነጥስ ሄድሁ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሾፌሩ ፍሬኑን ሊያይ ቆመ፤ እኔ ጥብስ በቆሎዬን እንደያዝሁ ወረድሁ። ሸለቆው የለም። ጉም ነው። አልፎ አልፎ የተራራ ጫፍ ብቅ ይላል፤ ከሥር፣ ከማይታይ ቦታ፣ የውሃ ድምፅ ይሰማል። በቆሎው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ፈረንጆቹ ያን ያህል ርቀው የፈለጉት ነገር እኔ አገር ጠዋት ጠዋት በነፃ ሲወጣ መኖሩ አናደደኝ፤ ደስም አለኝ።

ግድግዳው ላይ በዘይት ቀለም ጉሙን ሠራሁት። ነጩን ከጥቂት ጥቁርና ሰማያዊ ጋር እየለወስሁ በጨርቅ አሸሁት፤ ጉም መስመር የለውምና መስመር አላደረግሁበትም። ሲያልቅ አፋፉ ባዶ ሆነብኝና ጋቢ የለበሰ ሰው ጨመርሁ፣ ጀርባውን ሰጥቶ። እጄ ራሱ ነው የሣለው። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ አንገቱ ትንሽ ወደ ፊት የወጣ። ከመሰላሉ ወረድ ብዬ ሳየው አባቴ ናቸው። የቆዳ ከረጢታቸውን በዚያ ትከሻ ሲሸከሙ ስንት ዘመን ከኋላ አይቻቸዋለሁ። በኛ ቤት ልጅ የአባቱን ፊት ቀና ብሎ ማየት ነውር ስለነበር፣ ከፊታቸው ይልቅ ጀርባቸውን አውቀው ነበር።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሻይ ቤቱ ሞላ። ከገጠር የመጡት ሰዎች ሲገቡ «እንዴት ዋላችሁ» ይሉና ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ይለወጣል። «ይኼ ሰውዬ ምን በድለነው ነው ጀርባውን የሰጠን?» ይላሉ። አንድ ሽማግሌማ «ለሰላምታ እንኳ አይዞርም?» ብለው ሻያቸውን ይዘው ውጭ ተቀመጡ። ወሬው አባቴ ዘንድ ደረሰ፤ ያኑ ዕለት መጡ።

ብዙ ቆመው አዩት። «መስመሩ የት አለ?» አሉ።

«ጉም መስመር የለውም፣ አባ።»

«እሺ። ጻድቁ ሁለት ዓይን አለው፣ ክፉውም አንድ አለው። ይኼ ምንም የሌለው ማን ነው? ከሰይጣን የባሰ ነው ወይ?»

ሐጂ ከባንኮኒው ኋላ ሳቁ። «መሪጌታ፣ አላወቁትም? እርስዎ ነዎት እኮ።»

ሰው የራሱን ጀርባ አይቶ አያውቅም። አባቴ እጃቸውን ወደ ግራ ትከሻቸው ሰደዱና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ይህን ያህል ዘምሟል?»

«ዘምሟል፣» አሉ ሐጂ።

ይህ ልባቸውን ያራራዋል ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰባቸው።

«እኔን ነው ያለ ፊት ያቆምሽኝ? ዕድሜ ልኬን ለሰው ሁሉ ዓይን ስሠራ ኖሬ? በይ አዙሪኝ።»

ያን መስከረም ለአንድ አዲስ ቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጨርቅ ሊጀምሩ ነበር። የመላእክቱን ልብስ እንድሥል ቃል ገብተውልኛል፤ ብሩሻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልይዝ ነው። ከዚያ የበለጠ የምመኘው ነገር አልነበረኝም። እሳቸውም ያውቁታል።

ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። የተሸበሸቡ፣ የደከሙ ዓይኖች ናቸው። «አላዞርዎትም፣ አባ፣» አልሁ።

«እንግዲያው ብሩሼን አትነኪም።»

አልነካሁም። ለመላእክቱ ከደምበጫ አንድ ወጣት አስመጡ። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ፍኖተ ሰላም የስዕል መምህር ሆኜ ተመደብሁ፣ እዚሁ አረጀሁ። እነዚያ የመላእክት ልብሶች ዛሬም ያንገበግቡኛል። ሰውዬውን ባዞረው ኖሮ ግን ከዚያ በኋላ የሣልሁት ሁሉ የኔ አይሆንም ነበር። ይህን ለማንም ይቅርታ ሳልጠይቅ እናገራለሁ።

አባቴ ስለ ስዕሉ ዳግም አላነሡም። ኋላ ሐጂ እንደነገሩኝ ግን በየገበያው ቀን እየመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። ከበር ለሚገባ ሰው ሁለት የዘመመ ጀርባ ይታየው ነበር ማለት ነው።

ከድር ድንቹን ጨርሷል። «ታዲያ አልቀዱትም?»

«ጀርባ መስጠቱን ከነሱ ወስጃለሁ፤ አልክድም። የቆመው ሰው ግን የኔ ነው። አሳትመህ ለጥፍ፤ ያ የስልክህ ሰውዬ ግን በቡሬ በኩል አላለፈም።»

አላሳተመም። ከመፍረሱ በፊት እንዳየው ብሎ በሳምንቱ ወሰደኝ። ጉሙን የሻይ እንፋሎት አጥቁሮታል፤ ሰማዩ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለው ምስማር መትተውበታል። ሰውዬው እንደቆመ ነው። እኔም ፊቱ... ኋላው ልበል እንጂ፣ ኋላው ቆምሁ። ከድር ፎቶ አነሣና አሳየኝ። ሰው የራሱን ጀርባ አያይም ያልሁት ስልክ ሳይመጣ ኖሯል። ነጠላዬ በግራ በኩል ወርዷል፤ ትከሻዬ ዘምሟል። ነጠላዬን ወደ ላይ ሳብሁት።

«እትዬ፣» አለ ከድር ስልኩን ደግሞ እያነሣ፣ «አሁን ደግሞ ፊትዎን ወደዚህ ያዙሩልኝ፤ አዲሱ ቤት እሰቅለዋለሁ።»

«አልዞርም፣» አልሁት። «እንዲሁ አንሣኝ።»