ቡራቡሬዋና ጠያቂዎቿ

ድመትን ካንሰር ይይዛታል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ሐኪም የቡራቡሬዋን ሆድ ዳብሶ፣ በመርፌ የቀዳውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ሲነግረኝ «ድመት እኮ ናት!» አልኩት። «አዎ፣ ድመት ናት» አለኝ።  

አዳማ ውስጥ ከአምስት ድመቶች ጋር ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ወረቀት ማስጨረስ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሾፌርና ከፈታሽ ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል፣ ቤቴ ስገባ ከሰው ጋር የማወራበት አቅም አይተርፈኝም። ሰፈሩም «የድመቶቹ እመቤት» ይለኛል። ልኳንዳ ቤት ሳንባ ልገዛ ስቆም «ዛሬ እንግዳ አለብሽ እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኛል፤ እኔም መልስ አላጣላቸውም። ከአምስቱ አልጋዬ ላይ የምትተኛው ቡራቡሬዋ ብቻ ነበረች። ሌሎቹን እወዳቸዋለሁ፤ እሷን ግን እሳሳላት ነበር።

ሐኪሙ መድኃኒቱ የሰው መሆኑን ነገረኝ። እሱ ለውሾች ዕጢ ይጠቀምበታል፤ ለድመት የሰጠው ጥቂት ጊዜ ነው። በየሐሙሱ አንድ መርፌ ትወጋለች፣ መድኃኒቱን ከሰው ፋርማሲ ገዝቼ በበረዶ ይዤ እመጣለሁ፣ ልትድን ትችላለች። «ትችላለች» የምትለዋን ቃል ይዤ አዳማ ተመለስኩ።

ፋርማሲ ቤት ያለችው ሴት ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይዞሽ» አለችኝ። ለማን ነው ብላ አልጠየቀችኝም። በእኛ ዘንድ የዚህ በሽታ ስም አይጠራም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው፤ የያዘው ማንን እንደሆነ መጠየቅማ ነውር ነው። እኔ ግን ለድመቴ ያዘነችልኝ መስሎኝ ልቤ ተነካ።

ከመጀመሪያው መርፌ ስንመለስ ቤት የጠበቀኝ ደግሞ ከሐኪሙ ቃል የባሰ ነበር። ግራጫው የቡራቡሬዋ ወንድም ነው። ጡት እየተሻሙ ነው ያደጉት፤ ሲተኛም ጭንቅላቱን ሆዷ ላይ አድርጎ ነው። እሷን የያዝኩበትን ካርቶን ስከፍት ቀረብ ብሎ አሸተታት፣ ጸጉሩን አቆመና በጥፊ አላት። ጥቁሯ፣ የወለደቻት እናቷ፣ ጥርሷን አሳይታ ተፋችባት። «እህትህ እኮ ናት! ልጅሽ እኮ ናት!» እያልኩ ስጮህ ራሴን ሰማሁት። ሐኪሙ በስልክ እንዳስረዳኝ፣ ያላወቋት የክሊኒክ ሽታ ስለያዘች ነው። ለብቻዋ አድርጊያት፣ አንዱን ፎጣ ሁሉም ላይ እያሸሽ ሽታቸውን አደባልቂው፣ መድኃኒቱ በሽንቷ ስለሚወጣ በባዶ እጅሽ አትንኪው አለኝ።

መኝታ ቤቴ የእሷ ሆነ። ጓንትና ማስክ አድርጌ የተጸዳዳችበትን አሸዋ በድርብ ፌስታል እየቋጠርኩ አወጣለሁ። በዚያው ሰሞን ሙቀቱ ቢያስመርረኝ ጸጉሬን በአጭሩ ተቆረጥኩ። ሰፈሩ ይህን ሁሉ ያያል፣ ግን አይጠይቅም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ብርቱካን የያዙ፣ ሙዝ የያዙ፣ በፔርሙስ አጥሚት ያመጡ ጎረቤቶች ገብተው ሳሎኑን ሞሉት። «እግዚአብሔር ይማር» አሉ። ከጎን ግቢ የመጡት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ረቢ ሃ ፈይሱ»፣ ፈጣሪ ይፈውስ፣ ብለው በኦሮምኛ መረቁ። ደነገጥኩ። ለድመት? እነዚህ ስንት ዓመት ያሾፉብኝ ሰዎች? «ሐኪሙ ተስፋ አለው ብሏል» ስላቸው ሁሉም መሬት መሬት አዩ፤ አንዷ እንባዋን ጠረገች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ስለ ሰፈሬ በሆዴ የያዝኩትን ክፉ ነገር ሁሉ ይቅር አልኩ። «ጠጪ እንጂ» ብለው አጥሚቱን ሲሰጡኝ ብቻ ትንሽ ግራ ገባኝ። ቢሆንም ጠጣሁት።

ሌሎቹ ሲወጡ አንዷ ቀሩ። ከወሎ መጥተው እዚሁ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። በሩን ራሳቸው ዘግተው ሻርፓቸውን ፈቱት። ራሳቸው ላይ አንድ ጸጉር አልነበረም።

«ከባሌ በቀር ያየው የለም» አሉኝ። «መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ወስጄ ተውሁት። አንጀቴን ገልብጦ ሊገድለኝ ነበር፤ ሞቱ ይሻለኛል ብዬ ተቀመጥሁ። ኋላ አንቺም እንደምትወስጂ ሰማሁ። ጠዋት ጠዋት አይሻለሁ፣ ወደ ሞጆ ታክሲ እየሮጥሽ ትሄጃለሽ። እንዴት ብለሽ ቻልሽው? በአላህ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ?»

ብርቱካኑን አየሁ፣ የጠጣሁበትን ኩባያ አየሁ፣ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ።  «ይመለሱ፣ እኔም ተሽሎኛል» ልል ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ራሳቸውን ገልጠው ፊቴ ለተቀመጡ ሴት መዋሸት ግን አቃተኝ። ድመት ናት ብላቸው ደግሞ መስደብ ይሆንብኛል፤ በዚያ ላይ በእኔ ተስፋ አድርገው ሊመለሱ የነበሩት ሊቀሩ ይችላሉ። ፈራሁ።

«እትዬ፣ የታመምኩት እኔ አይደለሁም» አልኳቸውና የመኝታ ቤቱን በር ከፈትኩ።

ቡራቡሬዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ድመት በዚህ መድኃኒት የሚረግፈው ጢሟ ነው፤ ፊቷ ባዶ ሆኗል፤ አንዱ የፊት እግሯም ለመርፌው ተላጭቷል። እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩዋት። ስድብ ጠበቅሁ።

«ይችም ትወስዳለች?»

«ትወስዳለች።»

«ያስመልሳታል?»

«የመርፌው ዕለት ብቻ ነው። በማግስቱ ትበላለች።»

«ሱብሃነላህ» አሉና አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። ቡራቡሬዋ ጭናቸው ላይ ወጣች። «ጢምሽን በላብሽ?» ብለው አገጯን አከኩላት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ መሳቅ ጀመሩ። «ሰፈሩ በሙሉ ለድመት አጥሚት አፈላ! እንዳትነግሪያቸው፣ ብርቱካኑን መልሽ ይሉሻል!» እኔ አልሳቅኩም፤ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም ነበር። ሲወጡ ሻርፓቸውን እያሰሩ «እሷ ከቻለችማ እኔም እችላለሁ» አሉኝ።

እውነትም አዲስ አበባ ሄደው ሆስፒታሉን ለመኑና ቀጠሯቸውን ሐሙስ አስደረጉት። የእሳቸው ቀጠሮ ሲደርስ አንድ ሚኒባስ እንሳፈራለን። በፍጥነት መንገዱ ሳይሆን በድሮው መንገድ ሄደን እኔና ካርቶኔ ቢሾፍቱ እንወርዳለን፣ እሳቸው ይቀጥላሉ። መንገዱን ሙሉ በካርቶኑ ቀዳዳ ጣታቸውን ከተው «አይዞሽ እህቴ» ይሏታል። መልካቸው ይመለስ ጀመር። ቡራቡሬዋም ሆዷ ላይ የነበረው እብጠት ሟሸሸ፤ ሐኪሙ ራሱ ደስ ብሎት ደጋግሞ ዳበሳት።

ከዚያ ሞተች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አጠገቤ ደርቃ አገኘኋት። ማታ ሳንባዋን ጥርግ አድርጋ በልታ ነበር እኮ! ሐኪሙ ልቧ ይሆናል አለኝ፤ ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። እትዬ እንዳይሰሙኝ አፌን ትራስ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። ግራጫው ገብቶ አሸተታት፤ አሁን አወቃት። ጭንቅላቱን ሆዷ ላይ አድርጎ ተኛ፣ እስክወስዳት ድረስም አልተነሳም።

ሐሙስ የእትዬ ቀጠሮ ነበር። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፤ «እሷ ከቻለች» ብለዋል። ካርቶኑ ውስጥ ፎጣና አንድ ጡብ ከትቼ በፕላስተር አሸግሁና ተሳፈርኩ።

«ዛሬ ዝም ብላለች» አሉኝ ሞጆን ስናልፍ።

«ተኝታለች» አልኳቸው።

ጣታቸውን ወደ ቀዳዳው አልሰደዱም።  ቢሾፍቱ ስንገባ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ካርቶኑን አቅፌ ብድግ ልል ስል እትዬ ጉልበቴን በእጃቸው ተጫኑት።

«ወራጅ የለም» አሉት።

ሚኒባሱ ሳይቆም አለፈ። አፌን ከፍቼ አየኋቸው። እሳቸው ወደ ፊት ወደ መንገዱ ነበር የሚያዩት።

«ማክሰኞ ጓሮ ስትቆፍሪ በአጥሩ አይቼሻለሁ» አሉኝ። «እኔ እንደሁ አልተውም፤ መሄዴን እሄዳለሁ። ዛሬ ግን ሆስፒታል ብቻዬን ልገባ አልችልም።»